ትዳርን የሚያፈርሰው ጠቡ አይደለም

ጎጃም ውስጥ ስለ ትዳር ወሬ ከተነሳ «በእኛ ጊዜ ፍች የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቅርታ ይደረግልኝና ውሸት ነው። ሞጣም ሂዱ፣ ብቸናም፣ ዳንግላም፤ ከአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጋር ቡና ላይ ብትቀመጡ «የመጀመሪያው ባሌማ…» ብለው ይጀምሩላችኋል። በሰማንያ የተጋባ ሰው ይፋታ ነበር። ከብቱ ይቆጠራል፣ እህሉ ይሰፈራል፣ ሴትየዋ ድርሻዋን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ትመለሳለች፣ ትንሽ ቆይታም ሌላ ታገባለች። የማይፈታው ቁርባን ነው፤ እሱንም ብዙው ሰው የሚቆርበው ልጅ ከዳረ፣ ጸጉሩም ከሸበተ በኋላ ነበር። ስለዚህ «ድሮ ጥሩ ነበር፣ የዘንድሮ ልጅ ነው የተበላሸው» የሚለውን እንተወውና ትዳር የሚያቆየውን ነገር እንይ።

እኔ እንደሚመስለኝ ትዳር የሚፈርሰው ሰዎች ስለተጣሉ አይደለም። ሲጣሉ ስለሚናናቁ ነው። ደግሞም ከጠቡ እንዴት እንደሚመለሱ ስለማያውቁት። ጠብማ የሌለበት ቤት የለም።

መጀመሪያ የምትጣሉበትን ነገር ለዩ

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲከራከሩ በካሜራ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ለአሥርት ዓመታት አጥንቷል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የሚገርም ነው፦ ባለትዳሮች ከሚጨቃጨቁባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ጨርሶ አይፈቱም። ደስ ብሏቸው የሚኖሩትም ቤት እንደዚያው ነው። እሱ እጁ የማይሰበሰብ፣ እሷ ሳንቲም የምትቆጥር። እሷ እንግዳ ወዳድ፣ እሱ በጊዜ በሩን ዘግቶ መተኛት የሚወድ። ይኼ የባሕርይ ነገር ነው፤ አገር ምድሩ ሽማግሌ ቢሰበሰብ አይቀየርም።

እንግዲህ አንድ እሁድ ቁጭ በሉና ለዩት። ጣሪያው ያፈሳል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፣ ወንድሙ ከገጠር መጥቶ እናንተ ዘንድ ሊከርም ነው፤ ይኼ ሁሉ በውሳኔ የሚያልቅ ነው፣ ዛሬውኑ ወስኑና ተገላገሉት። የማይፈታውን ግን ለመፍታት አትድከሙ። እንዴት ይዛችሁት እንደምትኖሩ ብቻ ተነጋገሩ። «አንተ መቼም አትለወጥ!» ከማለት «የአስቤዛውን ብር እኔ ልያዘው፣ በቀረው አንተ እንዳሻህ» ማለት ይሻላል። ብዙው ሰው የማይፈታውን ሲታገል፣ የሚፈታውን ሳይፈታ ነው የሚፋታው።

ንቀት እንዴት እንደሚገባ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ቤት እንበል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።

«ጤፍ አልቋል።»

«ባለፈው አይደል እንዴ የገዛሁት?»

«ታዲያ ብቻዬን በላሁት?»

«አንቺ መቼ መቆጠብ ታውቂያለሽ! ከእናትሽ ቤት ምን ተምረሽ መጣሽና!»

እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠቡ የጤፍ ነው። ኑሮው ያመጣው ነው፣ የሁሉም ቤት ነው። አራተኛው ላይ ግን ጤፉ ተረሳ። ሴትየዋ የተሰደበችው በራሷ ብቻ አይደለም፣ በእናቷም ነው፤ በእናት የመጣ ነገር ደግሞ ጎጃሜ ዘንድ እንዲህ በቀላሉ አይረሳም። ከዓመታት በኋላ ሽማግሌ ፊት ስትቀመጥ የምታነሳው ጤፉን ሳይሆን ያችን ንግግር ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ጎትማን ትዳር አፍራሽ ናቸው ያላቸው ጠባዮች አራት ናቸው፦ ሰውየውን መንቀፍ፣ መናቅ፣ ሁልጊዜ «እኔ ምን አጠፋሁ» ማለት እና ዘግቶ ዝም ማለት። ከአራቱ ፍች እንደሚመጣ ይበልጥ የሚያሳብቀው ንቀት ነው። ንቀት ታዲያ ስድብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከንፈር መምጠጥ ንቀት ነው። ሲያወራ ገልመጥ አድርጎ ማየት ንቀት ነው። እንግዳ ፊት «ተዋት፣ እሷ ምን ታውቃለች» ብሎ መሳቅማ ትልቁ ነው፤ ሳቁ ሲያልቅ እንግዳው ይሄዳል፣ ነገሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በጠብ መሃል ዘር አይነሳ። እናት፣ አባት፣ «የእናንተ አገር ሰው እኮ…» የሚባለው ሁሉ ክልክል ይሁን፤ ይኼን ስትታረቁ ሳይሆን ሰላም እያላችሁ ተስማሙበት። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ትታችሁ ነገሩን ተናገሩ። «ጤፉ ወር አልደርስ እያለ ነው፣ በሳምንት ስንቴ ነው የምንጋግረው?» ቢባል ኖሮ ያ ምሽት በሒሳብ ያልቅ ነበር። ሦስተኛ፣ አንዴ ካመለጣችሁ እዚያው ምሽት ተመለሱ። «እናትሽን ማንሳት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ» ብሎ ማቆም ነው። «ግን አንቺም እኮ…» የምትል ነገር ከኋላ ከተቀጠለች ይቅርታው ተሰርዟል።

አንድ ቁጥር ልጨምርና ጎትማንን ልተወው። ተስማምተው በሚኖሩ ባለትዳሮች መሃል፣ በክርክሩ ሰዓት እንኳ፣ ለ1 ክፉ ነገር 5 ያህል መልካም ነገር ይገኛል ይላል፤ ቀልድ ሊሆን ይችላል፣ «ይኼንንስ እውነትሽን ነው» ማለት ሊሆን ይችላል፣ ትከሻ መታ ማድረግም ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ወንድ እዚህ ላይ ንፉግ ነው። ወጡ ጣፍጦት ጥርግ አድርጎ ይበላና ዝም። «እጅሽ ይባረክ» ለማለት እኮ እንግዳ መምጣት የለበትም! ሴቶችም ብትሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለን ሰው «በርታ፣ ደክሞሃል» ብትሉት ምንም አይጎድልባችሁም።

ኩርፊያ

ዝም የሚል ሰው እንደ ጨዋ ይቆጠራል። ዝምታው ሳምንት ሲሞላው ግን ጨዋነት አይደለም። ልጅን መልእክተኛ አድርጎ «እናትህን ውሃ ስጪኝ በላት» የሚል አባወራ ታውቃላችሁ፤ እናትየዋ ሁለት ሜትር ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ አስቡት።

መራቅ ራሱ ክፉ አይደለም። ሰው ሲናደድ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ ከመታ የሚነገረውን አይሰማም፣ ለመረጋጋትም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውጡ፣ ተናግራችሁ ግን ውጡ፦ «አሁን ደሜ ፈልቷል፣ ራት በልተን እናወራለን።» ከዚያ እውነትም ራት በልታችሁ አውሩ። ሳይናገሩ ወጥቶ አረቄ ቤት መግባት ሌላ ነገር ነው። ከአረቄ መልስ የተጀመረ ወሬ የት እንደሚደርስ ለጎጃም ሰው አልነግርም።

ብርና ዘመድ

ብዙ ትዳር ገና ሳይጀመር በዕዳ ይታሰራል። ጥር ላይ በሬ ሽጦ የደገሰ ገበሬ ሰኔ ሲደርስ አንድ በሬ ብቻ ቀርቶት መቀናጆ ፈላጊ ይሆናል፤ ሙሽራዋም ገና የመልሱ ወሬ ሳያልቅ የዕዳ ጭቅጭቅ ትሰማለች። ከተማም ያው ነው፣ በሬው በአዳራሽ ኪራይና በቪዲዮ ተተካ እንጂ። ሰዉ ጠግቦ ይሄዳል፣ ዕዳው ለእናንተ ነው። በአቅማችሁ ደግሱ።

ዘመድ የሚረዳበትን መንገድ ደግሞ ከሥሩ አስተካክሉት። ደመወዝ ካለ ለእናት መላክ ግድ ነው፣ ክርክር የለውም፤ ችግሩ በድብቅ ሲላክ ነው። እኔ ካየሁት ሁሉ የሚሠራው ዘዴ ይኼ ነው፦ ለእሱ እናት የሚላከውን እሷ ትላክ፣ ለእሷ እናት የሚላከውን እሱ ይላክ። አማቲቱ ስልኩ ላይ የምራቷን ድምፅ ትሰማለች፣ ምርቃቱም ለምራቷ ይሆናል። መጠኑን አብራችሁ ስለወሰናችሁ «ለወገንህ ብቻ» የሚል ነገር አይነሳም። ዕቁብም ካለ ሁለታችሁ እወቁት። የተደበቀ ዕቁብ የሚታወቀው ሁልጊዜ በክፉ ሰዓት ነው።

ተለያይቶ መኖር ከሁሉ ይከብዳል። እሱ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ይወርዳል፣ ወይም እሷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ኔትወርክም አንዳንዴ ይጠፋል። በዚህ መሃል የሚያጣላው ፍቅር መቀነሱ ብቻ አይደለም፣ ብሩ ምን ላይ እንደዋለ አለመታወቁ ነው። የሚላከው በማን ሒሳብ ይገባል፣ ቤት ከተሠራ በማን ስም፣ ከተመለሰች በኋላስ ምን ትሠራለች? ይኼን ከመሄዷ በፊት ጻፉት። መጻፍ አለመተማመን ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ በሰማንያ ውል ፈርሞ እንዳገባ አስታውሱት።

ሽማግሌ መቼ፣ ማንን

ሽምግልና ጥሩ ነገር አለን። አጠቃቀሙ ላይ ነው የምንበላሸው። ትንሹን ነገር ሁሉ ሽማግሌ ፊት ካቀረባችሁት የቤታችሁ ገመና የሰፈር ወሬ ይሆናል፤ እስኪበሰብስ ከደበቃችሁት ደግሞ ሽማግሌው የሚመጣው ዕቃ ለማካፈል ነው። ተመላልሶ የመጣና ሁለታችሁ መፍታት ያቃታችሁ ነገር ሲሆን ጥሩ። የንስሐ አባት ካላችሁ ከእሳቸው ጀምሩ፣ ብዙ ሰው ሳይሰማው ያልቃል።

ስትመርጡ ከሁለቱም ወገን ይሁን። ቢያንስ አንዱ ሚስትየው ራሷ የምታምነው ሰው ይሁን፤ ሦስት የባል አጎቶች ተቀምጠው «አይ ልጄ፣ ቻይው፣ እኛም ችለን ነው» ካሉ እሷ ታረቀች አይባልም፣ ተሸነፈች እንጂ። ሁለቱም ተራ በተራ፣ ሳይቋረጡ ይናገሩ። ሲያበቃ የተስማማችሁበት ነገር አንድ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ምሳሌ፦ የደመወዙ ግማሽ በየወሩ ለቤት ይሰጣል፣ ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ ማምሸት የለም። «ተሳሙ፣ ይቅር ተባባሉ» ብሎ መበተን ዕርቅ አይሆንም።

ዱላ ካለ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ላይ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ወንጀል ያደርገዋል። «ባል ነው፣ መታ» የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ትዳር ለማቆየት የሚመክር ጽሑፍ እኔ አልጽፍም።

ካልሆነስ

አንዳንዱ ትዳር ማለቁ ይሻላል። ያኔ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሽማግሌ ዕቃ አካፍሎ ሲያሰናብታቸው የተፋቱ ይመስላቸዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽማግሌ ዳኞች ፍች መወሰን ይችሉ ነበር፣ ባልም የቤተሰቡ የበላይ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይኼን ቀይሮ ፍችን የፍርድ ቤት ብቻ አደረገው፣ ባልና ሚስትንም እኩል አደረገ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። ስለዚህ ተስማምታችሁም ቢሆን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ አጽድቁት፤ አለበለዚያ ሌላ ስታገቡ ጣጣው ይከተላችኋል።

ንብረቱን በተመለከተ፣ ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ፣ ወይም በውርስና በስጦታ ያገኛችሁት የግላችሁ ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘው በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው የሚለው ሰው ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው። የገጠር መሬት ላላችሁ ደግሞ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ነው የሚወጣው። የአንዳችሁ ስም ከጎደለ ሰላም እያላችሁ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስተካክሉት፣ በዚያውም የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ኮፒ አውጥታችሁ አንዱን ሌላ ቦታ አስቀምጡ።