የትንሽ ልጅ የዕለት ምግብ እንዴት ይመጠናል?

ልጅ የሚያሳድግ ሰው በሳህኑ ላይ የቀረውን ምግብ እያየ «በቅቶት ነው ወይስ እንደራበው ነው የተነሣው?» ብሎ ሳይጨነቅ የሚያልፈው ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ በጭልፋ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ የልጁ ዕድሜ፣ ክብደቱ፣ የሚጠባው የጡት ወተት መጠንና ከሁሉም በላይ የሚቀርብለት ምግብ ውፍረት መልሱን ይለዋውጡታል። እንዲያም ሆኖ ወላጅን ከግምት የሚያወጡ የታወቁ መጠኖች አሉ። ከዚህ በታች የሚብራሩት መጠኖች በጊዜው ለተወለደና ጤነኛ ለሆነ ልጅ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ሐኪም ለእርሱ ለይቶ በሚሰጠው መመሪያ መመገብ ይኖርበታል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከሆድ ነው። የአንድ ሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ገበታ ከ240 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም ከአንድ መካከለኛ ኩባያ በላይ አይችልም። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ ይህም በኪሎ ሲሰላ አዋቂ ሰው ከሚያስፈልገው እጥፍ ገደማ ነው። ትንሹን ሆድና ትልቁን ፍላጎት የሚያስታርቁት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ምግቡን ቶሎ ቶሎ ማቅረብ፣ ሌላው ምግቡን ማወፈር ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ለማጉረስ መሞከር ከሁለቱም አይቆጠርም፤ ትርፉም ትውከትና ልቅሶ ነው።

እስከ 6 ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻውን ይበቃል፤ ውኃ እንኳ መጨመር አያስፈልግም። ልጁ 6 ወር ሲሞላው ግን የጡት ወተት ብቻውን የማይሸፍነው ክፍተት ይፈጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ስሌት መሠረት፣ በቂ የጡት ወተት የሚያገኝ ሕፃን ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር ደግሞ 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከተጨማሪ ምግብ ማግኘት አለበት። ይህ ወደ ማንኪያና ወደ ኩባያ ሲመለስ፣ በ6 ወር ላይ በአንድ ገበታ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ እየቀረበ መጠኑ ቀስ በቀስ ይጨምርና 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ግማሽ ላይ ይደርሳል። ከ9 ወር ጀምሮ ግማሽ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም እንደ ልጁ ፍላጎት 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ ይሰጣል። ዓመት ከሞላው በኋላ ጊዜው ሳይቀየር የአንዱ ገበታ መጠን ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ ይሆናል፤ ጡት ማጥባቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ጡት የማይጠባ ልጅ በበኩሉ በቀን 1 ወይም 2 ተጨማሪ ገበታ፣ ከዚያም ጋር ለዕድሜው የሚስማማ ወተት ያስፈልገዋል።

እነዚህ የኩባያ መጠኖች የሚሠሩት ግን ምግቡ ወፍራም ከሆነ ብቻ ነው፤ በእኔ ግምት የብዙ ቤት ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። የ14 ወር ልጅን እንውሰድ። ውኃ የበዛበት ቀጭን ገንፎ በአንድ ኩባያ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ልጁ በቀን 4 ኩባያ ቢጨርስ እንኳ የሚያገኘው 400 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሆዱ ሞልቷል፣ ሳህኑ ባዶ ሆኗል፣ እናቱም ተደስታለች፤ ከሚያስፈልገው 550 ግን ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ያው ገንፎ ወፈር ተደርጎ ሲሠራ በአንድ ኩባያ 200 ኪሎ ካሎሪና ከዚያም በላይ ስለሚይዝ 3 ኩባያ ብቻ የቀኑን ይሸፍናል። ውፍረቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ከገንፎው በማንኪያ ጨልፎ ማንኪያውን ዘንበል ማድረግ ነው። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ለአፍታ ቆይቶ ዱብ ካለ ግን ልኩ ነው። በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የሚቀጥን ገንፎ ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ የ6 ወር ሕፃን ከማንኪያ መብላት ይችላልና ጡጦው አያስፈልግም።

ገንፎው ከወፈረ በኋላ ማበልጸግ ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ በደንብ የበሰለና የተፈረፈረ እንቁላል፣ ልሞ የተፈጨ ኦቾሎኒ ወይም በውኃ ፈንታ ወተት ደግሞ ከኃይል በተጨማሪ ሰውነት ገንቢ ምግብ ይሰጡታል። ዘይቱን ማብዛት ግን አይመከርም፤ ዘይት ሆድን የሚያጠግብ ኃይል እንጂ ቫይታሚንና ማዕድን እምብዛም አይሰጥም። ስብ ለአዋቂ አይበጅም በሚል ስሌት የልጁን ምግብ ከስብ ማራቅም ስሕተት ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስቡ የወጣለት ወተት አይሰጥም።

ከ2 ዓመት በኋላ መጠኑ እየሰፋ ይሄዳል። ከ2 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ እንደ ቁመቱና እንደ እንቅስቃሴው በቀን ከ1,000 እስከ 1,400፣ ከ4 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ1,200 እስከ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህን በ3 ዋና ገበታና በ2 መክሰስ ማከፋፈል፣ በመካከላቸውም ከ2 እስከ 3 ሰዓት ማራራቅ ልጁ ርቦት ወደ ገበታ እንዲመጣ ያደርገዋል። ሳህኑ ላይ ስንት እንደሚቀመጥ ለሚቸገር ወላጅ አንድ ጥሩ መነሻ አለ፤ ከእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት በልጁ ዕድሜ ልክ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማቅረብ ነው። የ3 ዓመት ልጅ 3 ማንኪያ ሩዝ፣ 3 ማንኪያ አትክልት፣ 3 ማንኪያ ጥራጥሬ ይቀርብለታል ማለት ነው። ይህ መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ጨርሶ ከጠየቀ ይጨመርለታል።

በዚህ ዕድሜ ወላጆችን የሚያስደነግጠው የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነው። ሕፃን በተወለደ በዓመቱ የልደት ክብደቱን ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2.5 ኪሎ ገደማ፣ ከዚያም እስከ 5 ዓመት በየዓመቱ 2 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እድገቱ ሲረጋጋ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋጋል። ትናንት ሁለት ሳህን የበላ ልጅ ዛሬ ሦስት ጉርሻ ቀምሶ ቢነሣ፣ አበላሉ በሳምንት ሲደመር ብዙውን ጊዜ የተስተካከለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የአንዲት ምሽት ሳህን ማስረጃ አትሆንም።

ከብዛቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ዓይነቱ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 13 ግራም ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም ያህል ስለሚይዝ ሁለቱ ብቻ ይሸፍኑታል። ለደም የሚያስፈልገው አይረን የተባለው ማዕድን ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞላም። ልጁ በቀን 7 ሚሊ ግራም ሲያስፈልገው ያ እንቁላልና ያ ወተት ተደምረው የሚሰጡት 1 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከ7 እስከ 12 ወር ያለው ሕፃን ደግሞ 11 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ሥጋ፣ ጉበት፣ ምስርና ባቄላ ወይም በአይረን የበለጸገ የሕፃናት ምግብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብርቱካንና ቲማቲምን የመሰሉ ቫይታሚን ሲ ያላቸው ምግቦች አብረው ሲበሉ ከጥራጥሬው የሚገኘው አይረን በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል፤ ሻይ ግን ይህንኑ ያግዳልና ለትንሽ ልጅ ከምግብ ጋር ባይሰጥ ይመረጣል።

የላም ወተትን እንደ ዋና መጠጥ ማቅረብ የሚቻለው ከ1 ዓመት በኋላ ነው። በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ልጅ በወተት ስለሚጠግብ ምግብ ይተዋል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅም የአይረን እጥረት ደም ማነስ ያገኘዋል። «ምግብ እንቢ አለኝ» የሚባል ልጅ ሲያጋጥም በመጀመሪያ ሊቆጠር የሚገባው የሚጠጣው ወተት ነው። ጭማቂ ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም፤ ከዚያ እስከ 3 ዓመት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ፍሬው ራሱ ቢበላ ይሻላል። ማር 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ስኳር እስከ 2 ዓመት ባይጨመር ጥሩ ነው።

አበላሉን በተመለከተ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ሊሆን ይገባል፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ግን ልጁ ነው። መጥገቡን በቃል ባይናገርም ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ማንኪያውን በእጁ ይገፋል፣ ወይም የጎረሰውን ሳይውጥ በጉንጩ ይዞ ይቆያል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ በኋላ አፍንጫ ይዞ ማጉረስም ሆነ በቴሌቪዥን እያዘናጉ ማብላት ልጁ የራሱን ጥጋብ እንዳያዳምጥ ያደርገዋል፤ ምግብ ትን ሊለውም ይችላል። አንድ ገበታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ በቂ ነው። አዲስ ምግብ ሲቀርብለት ቢተፋው ያ ምግብ አይስማማውም ማለት አይደለም፤ ብዙ ልጆች አንድን ጣዕም የሚቀበሉት 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ከቀረበላቸው በኋላ ነው። ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ሙሉ የወይን ፍሬና ጠንካራ ከረሜላ ግን ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀሩ ስለሚችሉ እስከ 4 ዓመት ድረስ ይቅሩ፤ ልጁም ተቀምጦ፣ አዋቂ እያየው ይብላ።

ልጁ ሲታመም መጠኑ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ጡትና ፈሳሽ ይበዛለታል፣ የሚወደው ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይቀርብለታል፤ ተቅማጥ ከያዘው ኦ አር ኤስ (በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ቅመም) ይጨመራል እንጂ ምግብ አይከለከልም። ካገገመ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ማቅረብ የወረደውን ክብደት ለመመለስ ይረዳል።

መጠኑ መብቃት አለመብቃቱን በመጨረሻ የሚፈርደው የእድገት መከታተያ ካርዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣቸው የእድገት መለኪያዎች በብዙ አገሮች በጤና ተቋማት ይሠራባቸዋል። ካርዱ ላይ መታየት ያለበት የአንድ ቀን ክብደት ሳይሆን የመስመሩ አቅጣጫ ነው፤ ቀጭን ሆኖ የራሱን መስመር ተከትሎ የሚወጣ ልጅ ደኅና ሲሆን፣ ወፍራም መስሎ መስመሩ አግድም የሆነ ወይም ያዘቀዘቀ ልጅ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑ የሚሰረጉዱ ከሆነ እጥረቱ የከፋ ነውና፣ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።