ሰርከስ የሚለው ቃል ከየት መጣ? መነሻውን በራሳችሁ የምትፈልጉበት መንገድ

የአንድን ቃል መነሻ ስትፈልጉ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ለዩ። የቃሉ ታሪክ ሌላ ነው፤ ቃሉ የሚጠራው ነገር ታሪክ ደግሞ ሌላ። ሁለቱን ከቀላቀላችኋቸው ውሉ ይጠፋባችኋል። ሰርከስ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ብዙ ሰው «ሰርከስ ከሮማውያን የመጣ ነው» ይላልና። ቃሉ አዎ፣ የእነሱ ነው። ዛሬ የምናየው ትርኢት ግን አይደለም።

ከቃሉ ጀምሩ። በሌሎች ቋንቋዎች ምን እንደሚባል እዩ፦ በፈረንሳይኛ ሲርክ፣ በጣሊያንኛ ቺርኮ፣ በጀርመንኛ ጺርኩስ። እንዲህ ሲመሳሰሉ አንድ ምንጭ አላቸው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ምንጩ ላቲን ነው። በላቲን ኪርኩስ ማለት ክብ፣ ቀለበት ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ስትሄዱ የግሪኩን ኪርኮስ ታገኛላችሁ፤ እሱም ቀለበት ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ኪርኮስ የጭልፊት ዓይነት ወፍም ሆኖ ይመጣባችኋል፤ እንዲያውም ሳይንስ አንድ የአዳኝ ወፎች ወገን ሰርከስ ብሎ ይጠራል። ይሄ አያደናግራችሁ። ከትርኢቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቀጥሎ ቃሉ በየዘመኑ ምን ማለት እንደነበር ጠይቁ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ሮም ውስጥ በፓላቲንና በአቬንቲን ኮረብታዎች መካከል ሰርከስ ማክሲሙስ የሚባል ግዙፍ የሠረገላ መወዳደሪያ ነበር፤ ትርጉሙ «ትልቁ ሰርከስ» ነው። ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ስለነበር ቅርጹን ስታዩ ክብ ሳይሆን ጠባብና ረጅም ነው፣ ሠረገሎቹ ግን በመሃል ያለውን አጥር ብዙውን ጊዜ 7 ጊዜ ይዞሩ ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ ዩቬናል ሕዝቡ ዳቦና ሰርከስ ብቻ ነው የሚፈልገው ብሎ ሲወቅስ፣ በአእምሮው ያለው የሠረገላ ውድድር እንጂ ቀልደኛና አክሮባት አይደለም። የድሮ ጽሑፍ ስታነቡ ለቃሉ የዛሬውን ትርጉም አታልብሱት፤ የተጻፈበትን ዘመን ትርጉም ስጡት።

አሁን ወደ ትርኢቱ ኑ፣ ለብቻው። ፊሊፕ አስትሊ የሚባል የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ውስጥ በፈረስ ላይ ቆሞ የሚሠራውን ጥበብ ማሳየት ጀመረ። ፈረሱ የሚሮጠው በክብ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት አለው፦ ፈረሱ እኩል ፍጥነት ይዞ በክብ ሲሮጥ ጋላቢው ትንሽ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ሚዛኑን መጠበቅ ይቀለዋል፣ ተመልካቹም ከየትኛውም አቅጣጫ ያየዋል። የመድረኩ ስፋት በኋላ 13 ሜትር ገደማ ሆኖ ጸና፤ ዛሬም ብዙ ሰርከሶች ይሄንኑ ይጠቀማሉ። አክሮባቱም፣ ገመድ ላይ የሚሄደውም፣ ቀልደኛውም በፈረሱ ትርኢት መሃል እየገቡ ነው የተቀላቀሉት።

ግን አስትሊ የትርኢት ቤቱን ሰርከስ አላለውም። አምፊቲያትር ነው ያለው! ስሙን ያመጡት ተፎካካሪዎቹ ናቸው፦ ቻርልስ ሂዩዝና ቻርልስ ዲብዲን እ.ኤ.አ. በ1782 እዚያው ለንደን «ሮያል ሰርከስ» ብለው ከፈቱ። ጥንታዊው ቃልና አዲሱ ትርኢት የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «ሰርከስን ማን ጀመረው?» ስትባሉ መጀመሪያ ስሙን ነው ወይስ ትርኢቱን ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ይለያያል።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን በሌላ ምስክር ፈትኑት። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1819 የተሠራ ፒካዲሊ ሰርከስ የሚባል አደባባይ አለ። ስሙን ከአክሮባት ጋር ለማገናኘት ብትሞክሩ አይገጥምላችሁም፤ «ክብ» የሚለውን የላቲን ትርጉም ስትይዙ ግን ወዲያው ይገባችኋል፣ መንገዶቹ የሚገናኙበት ክብ ቦታ ነበርና።