ከአንድ ቴምብር ተነሥቶ የስኳድሮንን ታሪክ ማዘጋጀት፦ የካናዳው 431ኛ

የካናዳ ፖስታ በ2006 ‹ስኖውበርድስ› ለሚባለው የአየር ትርኢት ቡድን ባለ 51 ሳንቲም ሁለት ቴምብሮች አወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተከበረው የቡድኑ 35ኛ ዓመት ነው፤ ቡድኑ ሥራ የጀመረው በ1971 ነውና። ቡድኑ የሚጠራበት 431ኛ ስኳድሮን (የአየር ኃይል ክፍል) ግን ከዚያ 29 ዓመት ቀድሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው የተቋቋመው። ቴምብሩ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ ተከትሎ ለቴምብር ውድድር አልበም የሚያዘጋጅ ሰው ጦርነቱ በሙሉ ያመልጠዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ። በዚያ ጦርነት ከ400 እስከ 449 ያሉት ቁጥሮች ለካናዳ ስኳድሮኖች የተመደቡ ስለነበሩ፣ 431 የሚለው ቁጥር ብቻውን ወደ የትኛው መዝገብ መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩና የአገልግሎቱን ዘመን አስፍሩ። ኅዳር 11 ቀን 1942 በእንግሊዝ ዮርክሻየር፣ በርን በተባለው ጣቢያ በዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ተቋቋመ። ሐምሌ 1943 ወደ ቶልቶርፕ ጣቢያ ተዛውሮ ሃሊፋክስ የተባለውን ቦምብ ጣይ ታጠቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ክሮፍት ገባ። ጥቅምት 1944 በካናዳ የተሠራውን ላንካስተር 10 ቦምብ ጣይ ተረከበ። የመጨረሻ ግዳጁ ሚያዝያ 25 ቀን 1945 የጀርመኑ ቫንገሮገ ደሴት ነበር፤ መስከረም 5 ቀን በካናዳ ዳርትማውዝ ተበተነ። ጥር 18 ቀን 1954 በካናዳው ባጎትቪል በሴበር ጄት እንደገና ተቋቁሞ በጥቅምት 1 ቀን ዳግመኛ ተበተነ። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ 1 ቀን 1978 ድረስ 431ኛ የሚባል ስኳድሮን አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኖውበርድስ ከ1971 እስከ 1978 በካናዳ ሙስ ጆ ሲበር 431ኛ አልነበረም፤ ቁጥሩ የተሰጠው በኋላ ነው። «ከ1942 ጀምሮ ያለማቋረጥ ያገለገለ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ነገሩን የሚያውቅ ዳኛ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጨርስ ነጥብ ይቀንስባችኋል። ክፍተቶቹን በመስመሩ ላይ ባዶ ተዉአቸው፣ እንዲታዩ።

የዕለት ተዕለቱን ግዳጅ ለማግኘት የስኳድሮኑን የግዳጅ መዝገብ ክፈቱ። በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ‹ኤር 27› በሚለው ምድብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ሁለት ዓይነት ቅጽ አለው፤ ቅጽ 540 የወሩን ውሎ በየቀኑ ያጠቃልላል፣ ቅጽ 541 ደግሞ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ቁጥር፣ የሠራተኞቹን ስም፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይዘረዝራል። 540ን ብቻ አንብቦ መጻፍ ስንፍና ነው፤ የሰዎቹ ስም ያለው 541 ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ስማቸው በትክክል ሊጻፍ ይገባል። ጸሐፊዎቹ ሌሊት እየተጣደፉ በታይፕ የመቱት ስለሆነ ስም ይሳሳታል፣ የቁጥር ፊደል ይገለበጣል፤ አንድን ስም ቢያንስ በሦስት ግዳጆች ላይ አስተያዩት።

የአውሮፕላኑን ፊደል ከቁጥሩ ጋር አታምታቱ። 431ኛ በአውሮፕላኖቹ ጎን ላይ ‹ኤስኢ› የሚል መለያ ነበረው፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ የራሱ ፊደል ይከተላል። አንዱ ሲጠፋ ያው ፊደል ለሚተካው ይሰጣል፤ ስለዚህ ‹ኤስኢ-ኤ› የሚል ፎቶ ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ አውሮፕላኖችን ሊያመለክት ይችላል። የማይደገመው በጅራቱ በኩል ያለው ተከታታይ ቁጥር ነው፤ የካናዳ ላንካስተሮች ‹ኬቢ› ወይም ‹ኤፍኤም› በሚል ይጀምራል። የሌሊት ግዳጅን ቀን ደግሞ በሁለት ቀን ጻፉ፣ ለምሳሌ መጋቢት 2/3 ብላችሁ፤ አለዚያ መነሻውና መመለሻው ይጋጫል።

ሃሊፋክስ የሚለው ስም ሁለት ቦታ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ነው፣ ከዳርትማውዝ ማዶ ያለውም ከተማ ነው። ሴበር ለእኛም አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይልም በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ዘመቻ አሰልፎታል። ሆኖም የእኛ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-86ኤፍ ነው፣ 431ኛ የበረረበት ካናዴር የሠራው ሴበር ነው፤ የአንዱን ፎቶ ለሌላው አትለጥፉ።

ለአንድ ፍሬም (ገጾቹ ለእይታ ለሚደረደሩበት ሰሌዳ) 16 ገጽ ይበቃል፤ አራት በአራት ሆኖ ይደረደራል። መክፈቻው አንድ፣ ቴምብሩ አንድ፣ ዌሊንግተን ሦስት፣ ሃሊፋክስ አራት፣ ላንካስተር አራት፣ ሴበር አንድ፣ ስኖውበርድስ የሚበርበት ቱተር ሁለት። የመጨረሻው ማነሱ ይገርም ይሆናል፤ ግን ሰዎች በብዛት የሞቱት በዌሊንግተን፣ በሃሊፋክስና በላንካስተር ላይ ነው፣ ሚዛኑ ወደዚያ መሄድ አለበት። በየገጹ ጽሑፉ ከሲሶ አይብለጥ።

ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትመልሱ ሁልጊዜ ስምንት አትቀንሱ። ኅዳር 11 ቀን 1942 የእኛ ኅዳር 2 ቀን 1935 ነው፣ ልዩነቱ ሰባት። መስከረም 5 ቀን 1945 ግን ገና የእኛ ዓመት ሳይለወጥ ነው፤ ነሐሴ 30 ቀን 1937፣ ልዩነቱ ስምንት። የወሩ ስምም እንደሚቀየር ልብ በሉ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ብታሰፍሩ ይሻላል።

ቴምብሮቹ ተያይዘው የታተሙ ጥንድ ናቸው፣ አትቁረጧቸው፤ ተነጣጥለው ዋጋም ሥዕልም ያጣሉ። በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዙ። ሙጫቸው ያልተነካ ከሆነ ማጣበቂያ ወረቀት ሳይሆን ግልጽ ኪስ ተጠቀሙ፣ በየዳሩ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉለት፣ ጥርሱ እንዳይታጠፍ። ኪሱ ፖሊስተር ይሁን፤ የፒቪሲ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ቅባት ያወጣና ቀለሙን ያበላሻል።