የ10 ማይክሮን ሌዘር ሲያስቸግር፦ ከሰፋ መስመር እስከ ተሳሳተ ጥርስ

በኳንተም ካስኬድ ሌዘር (ከሴሚኮንዳክተር በሚሠራ የኢንፍራሬድ ሌዘር) የሜታኖልን መስመር፣ ማለትም ሞለኪውሉ ብርሃን የሚውጥበትን ፍሪኩዌንሲ፣ 10 ማይክሮን አካባቢ ስትለኩ አንድ ነገር ከተበላሸ እጅ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሰርቮው (ሌዘሩን መስመሩ ላይ ቆልፎ ወደሚይዘው መቆጣጠሪያ) ቁልፎች ነው። ተዉት። መጀመሪያ ጥፋቱ የሌዘሩ፣ የጨረሩ መንገድ፣ የጋዙ ወይስ የመለኪያው መሆኑን ለዩ።

መስመሩ ሰፋ፦ በክፍል ሙቀት የሜታኖል የዶፕለር ስፋት (ሞለኪውሎቹ በመሯሯጣቸው የሚመጣው) 60 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ እሱ የጋዙ ጠባይ ስለሆነ አትታገሉት። የምንፈልገው መሃሉ ላይ ያለችውን ጠባብ ስርጉድ ነው። እሷ ከሰፋች የጋዙን ግፊትና የጨረሩን ኃይል በየተራ በግማሽ ቀንሱ። ከጠበበች ምክንያቱ ተገኘ። ካልጠበበች ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ። ይህ ሌዘር ጅረቱ በ1 ሚሊአምፔር ሲለወጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋኸርዝ ስለሚሸሽ፣ የ1 ማይክሮአምፔር ረብሻ እንኳ መስመሩን በመቶዎች ኪሎኸርዝ ያደበዝዘዋል።

እኔ በዚህ አንድ ሳምንት ከስሬያለሁ። ኦሲሎስኮፑ ላይ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚመለስ እብጠት እያየሁ ሌንስ ስጠርግ፣ መስታወት ሳስተካክል ሰነበትኩ። ለካ የቫክዩም ፓምፑና የሌዘሩ የጅረት ምንጭ አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል! ፓምፑን ነቅዬ ሌላ ግድግዳ ላይ ስሰካው ስርጉዷ መርፌ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሌዘሩን በባትሪ እየሞከርኩ ነው የምጀምረው።

ከመስመሩ ስር ማዕበል ታየ፦ ደጋግማችሁ አማካይ ብትወስዱም አይጠፋም፤ ትይዩ በሆኑ ሁለት ገጾች መካከል ብርሃን እየተመላለሰ ነው። በማዕበሉ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን የፍሪኩዌንሲ ርቀት ለኩ። 1.5 ጊጋኸርዝ ከሆነ 10 ሳንቲሜትር አየር ያለበትን ቦታ ፈልጉ፤ 15 ጊጋኸርዝ ገደማ ከሆነ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የዚንክ ሴሌናይድ መስኮት ነው። የጠረጠራችሁትን በጣት ነካ አድርጉት፤ ማዕበሉ ከተንቀሳቀሰ አዘንብሉት፣ ወይም ገጾቹ ትይዩ ባልሆኑ መስኮት ተኩት።

ጠረጴዛው ሲነካ ሲግናሉ ይዘላል፦ ብርሃን ወደ ሌዘሩ እየተመለሰ ነው። ዲቴክተሩን ትንሽ አዙሩት።

ሁሉም ያምራል፣ የለካችሁት ፍሪኩዌንሲ ግን ከታወቀው በትክክል በ250 ሜጋኸርዝ ይለያል፦ ይህን እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም ግራፉ ላይ ምንም አይታይም። የፍሪኩዌንሲ ኮምባችሁ (እኩል የተራራቁ ፍሪኩዌንሲዎች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩበት የብርሃን መለኪያ) ጥርሶች የሚራራቁት በ250 ሜጋኸርዝ ከሆነ ጥርስ ተሳስታችኋል። ሌዘሩን ከሞለኪውሉ መስመር ጋር ቆልፉና የኮምቡን የጥርስ ርቀት በ500 ኸርዝ ጨምሩ። 28.3 ቴራኸርዝ ላይ የጥርሱ ቁጥር 113,200 ነው፤ ስለዚህ ጥርሱ 56.6 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ጎረቤት ጥርስ የሚሄደው ርቀት ከዚህ የሚለየው በ500 ኸርዝ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ገና ከሌዘሩ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ከሆነ ይህን ልዩነት አታዩትም።