የአፍሪካ ዋንጫ ሻምፒዮኖችን ታሪክ ሳትደናገሩ ለማጥናት

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ለመሸምደድ አትሞክሩ። ግብፅ 7፣ ካሜሩን 5፣ ጋና 4 ብሎ መቁጠር ማንም ይችላል። ክርክር የሚነሳው ግን ማን የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ውድድር አሸነፈ የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ውድድር አራት ነገር ጻፉ፦ ዓመቱን፣ አዘጋጁን፣ ሻምፒዮኑን፣ ዋንጫው የተወሰነበትን መንገድ። እዚህ የማወራው ከ1957 እስከ 2023ቱ ድረስ ስላሉት 34 ውድድሮች ነው።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ። ለእኛ ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። አንድ ሰው «በ68 አዲስ አበባ የተካሄደው» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ ነው? እንደ ፈረንጆቹ በ1968 ኢትዮጵያ 6ኛውን ውድድር በአዲስ አበባና በአስመራ አዘጋጅታ፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በእኛ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ፣ ማለትም በ1976፣ 10ኛው ውድድር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዶ ሞሮኮ ሻምፒዮን ሆነች። ሁለቱም «68» ናቸው፤ በመሃላቸው ስምንት ዓመት አለ። ስለዚህ በአንዱ አቆጣጠር ጀምራችሁ በዚያው ጨርሱ። እኔ «ዓ.ም.» ካላልኩ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ዓመት ላይ እያላችሁ ይቺንም ያዙ። ውድድሩ ከዓለም ዋንጫ ጋር በአንድ ዓመት እንዳይገጥም ተብሎ ከ2013 ጀምሮ ወደ ጎዶሎ ዓመት ዞሯል፤ ለዚህ ነው ዛምቢያ በ2012፣ ናይጄሪያ በዓመቱ በ2013 ያሸነፉት። ሴኔጋል የወሰደችው የ2021ዱ ዋንጫ የተካሄደው በ2022 ነው፤ አይቮሪኮስት የወሰደችው የ2023ቱም በ2024።

ቀጥሎ የአገሮቹን ስም አጥሩ። የ1968ቷ ኮንጎ ኪንሻሳና የ1974ቷ ዛየር አንድ አገር ናቸው፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ። በ1972 ያሸነፈችው ግን ጎረቤቷ ኮንጎ ብራዛቪል ነች። ግብፅ ደግሞ በ1959 እና በ1962 የተጫወተችው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ ነው።

አሁን ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት። እኔ ከዚህ የተሻለ መያዣ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫውን ያስቀር ስለነበር የመጀመሪያውን ጋና በ1978 አስቀረች፣ ሁለተኛውን ካሜሩን በ2000 (1984፣ 1988፣ 2000)፤ ሦስተኛው ከ2002 ጀመረ። ከ1957–78፣ ከ1980–2000፣ ከ2002 ወዲህ። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው አጥኑ።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሁሉም ውድድር ፍጻሜ ነበረው ብላችሁ አታስቡ። በ1959 ሦስት ቡድኖች ዙር ተጫወቱና ነጥብ ወሰነ። በ1976ም ፍጻሜ አልነበረም፤ አራት ቡድኖች በነጥብ ተፋለሙ፣ ሞሮኮ በመጨረሻው ጨዋታ አቻ ይበቃት ነበር፣ ጊኒ ስትመራት ቆይታ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አግብታ 1 ለ 1 ወጣች። በ1974 ዛየርና ዛምቢያ 2 ለ 2 ስለወጡ ፍጻሜው ተደግሞ ዛየር 2 ለ 0 አሸነፈች።

እዚህ ክፍል ውስጥ የኛው 1962 አለ፤ እሱን በደንብ እዩት። «አራት ቡድን ብቻ ነበር፣ ምን ዋንጫ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ ብቻ ነበሩ፣ አዘጋጅም እኛ ነበርን። ግን ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ይሁን። ግብፅ በ1957 እና በ1959 በሦስት ቡድን ውድድር ሁለት ሁለት ጨዋታ ተጫውታ ያነሳቻቸው ዋንጫዎች ከሰባቱ ውስጥ ተቆጥረዋል፤ ማንም አልቀነሰባትም። በ1957 ደግሞ በፍጻሜው 4 ለ 0 የረታችው እኛን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ይህችው የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለቴም አቻ አደረግን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። እነዚህን አራት ጎል አግቢዎች በቃላችሁ ያዙ፣ አሰልጣኙን ይድነቃቸው ተሰማንም ጨምሩ። ይህን የሚያህል ድል በ«አራት ቡድን ነበር» ሲጣጣል ዝም ማለት የለብንም።

ከዚያ የአዘጋጁን ዓምድ ከሻምፒዮኑ ጋር አስተያዩ። ከ34ቱ 12ቱን የወሰደው አዘጋጁ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ፣ ሱዳን (1970)፣ ደቡብ አፍሪካ (1996) እና ቱኒዚያ (2004) ያሸነፉት በሜዳቸው ብቻ ነው። ካሜሩን በተቃራኒው አምስቱንም ከአገሯ ውጪ ነው ያመጣችው፣ ይሄ በጣም ከባድ ነገር ነው። የግብፅ ደግሞ ለየት ይላል፦ 2006 በሜዳዋ፣ 2008 ጋና፣ 2010 አንጎላ፣ በተከታታይ። ሦስት ተከታታይ ያነሳ ሌላ የለም።

ፍጹም ቅጣት ምቶቹን ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው። አይቮሪኮስት ጋናን በ1992 11 ለ 10፣ በ2015 ደግሞ 9 ለ 8 አሸንፋለች፤ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። በመሃል በ2012 ራሷ በዛምቢያ 8 ለ 7 ተሸንፋለች።

የሰዎቹን ስም መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ በተለይ ዘመን ከዘመን የሚያገናኙትን። ስቴፈን ኬሺ በ1994 የናይጄሪያ አምበል፣ በ2013 አሰልጣኝ ሆኖ አሸንፏል። ማህሙድ ኤል ጎሃሪ ለግብፅ በ1959 በተጫዋችነት፣ በ1998 በአሰልጣኝነት። የጋናው ቻርለስ ጃምፊ በ1963፣ በ1965 እና በ1982 አሰልጥኖ አሸንፏል፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የሚለያቸው 19 ዓመት ነው።