ጭራሮ ሸጦ ሜንዲንግ መግዛት

ያደግኩት ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ነው። እናቴ ስኳርና ዘይት ትሸጣለች፣ እኔ የዱቤ ደብተሩን እጽፋለሁ። ለዚህ ይሆናል የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ማይንክራፍት የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ሲያስተምረኝ ከግንባታውም ከውጊያውም በፊት ንግዱ የገባኝ። እሱ አልማዝ ፍለጋ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲንከራተት፣ እኔ መንደር ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭራሮ እሸጥ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከላይ እስከ ታች የአልማዝ ጥሩር ለብሼ ብቅ ስል አፍጥጦ አየኝና፣ «አጎቴ፣ ቺት አደረግክ አይደል?» አለኝ።

አላደረግኩም። እንዲህ ነው ያደረግኩት።

የምጫወተው በኮምፒውተር፣ ጃቫ የሚባለውን የጨዋታውን እትም ነው። በስልክ ቤድሮክ የሚባለውን ሌላውን እትም ለምትጫወቱ አብዛኛው ያው ነው። ስለ ሐሜቱ የምለውን ግን ለጃቫ ብቻ ያዙት።

መንደር ስታገኙ አፍንጫቸው የረዘመ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣመሩ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ታያላችሁ። ገንዘባቸው ኤመራልድ የሚባል አረንጓዴ ዕንቁ ነው። ኤመራልድ ተራራ ላይ ተቆፍሮም ይገኛል፤ ግን ቆፍሮ የከበረ ሰው አላየሁም። ሥራ የሌለው መንደርተኛ አጠገቡ የሥራ ዕቃ ካገኘ ሥራ ይይዛል። ፍሌቺንግ ቴብል ካስቀመጣችሁለት ቀስት ሠሪ፣ ኮምፖስተር ካስቀመጣችሁለት ገበሬ ይሆናል። ሌክተርን ካስቀመጣችሁለት ደግሞ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሌክተርኑን እኔ አትሮንስ ነው የምለው፤ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። በጠቅላላው 13 ዓይነት ሙያ አለ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰውን ካያችሁ እለፉት። እሱ ቦዘኔ ነው፤ ምን ብትሰጡት ሥራ አይዝም።

ያለ መነሻ ካፒታል የሚጀመረው በቀስት ሠሪው ነው። 32 ስቲክ ይቀበልና 1 ኤመራልድ ይሰጣል። ስቲክ ማለት ጭራሮ በሉት። ሒሳቡን ደብተሬ ላይ እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ አንድ ግንድ 4 ጣውላ ይወጣዋል፣ ሁለት ጣውላ 4 ጭራሮ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ግንድ 8 ጭራሮ፣ ከ4 ግንድ 32። አራት ግንድ አንድ ኤመራልድ ሆነ ማለት ነው። ዛፍ ደግሞ መልሳችሁ ትተክላላችሁ። ቀስት ሠሪው መጀመሪያ ላይ የሚያቀርበው ሁለት ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ጭራሮ መግዛቱ ከሁለቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ያኔ ቴብሉን ሰብራችሁ መልሱት፤ ሐሳቡን ይቀይራል።

አሁን እኔ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ቀስት ሠሪው 16 ጊዜ ከገዛችሁ በኋላ በቃኝ ይላል፤ ዋጋው ላይ ቀይ ምልክት ይመጣል። እኔም የመጀመሪያ ቀን 512 ጭራሮ ተሸክሜ ሄጄ፣ 16ቱንም ጨርሼ፣ 16 ኤመራልድ ይዤ እየፎከርኩ ተመለስኩ። ቦታው ሄዶ ሥራውን ሠርቶ እንደገና ሲከፍት ብሄድ ለአንድ ኤመራልድ ከ50 በላይ ጭራሮ ጠየቀኝ። ክርክር የለ፣ ምን የለ። «ኧረ ቀንስ እንጂ» የሚል ቁልፍ ጨዋታው ላይ አልሠሩም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከሚገዛው ከግማሽ በላይ ስታራግፉበት፣ በሚቀጥለው ሲከፍት ዋጋው በእናንተ ላይ ይከብዳል። ግማሹን፣ ማለትም 8 ጊዜ ብቻ ሸጣችሁ ከተዋችሁት ግን አይነቃነቅም። ተበላሽቶ ከሆነም ለትንሽ ጊዜ ተዉት፤ ይመለሳል። እኔ አሁን ሦስት ቀስት ሠሪ አለኝ። ለእያንዳንዳቸው 8 ጊዜ ሸጬ አልፋለሁ። እናቴም አንድ ዓይነት ዕቃ ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ብቻ አታመጣም ነበር።

መንደርተኛ በቀን እስከ ሁለት ጊዜ ዕቃውን ያድሳል። የጨዋታው ቀን 20 ደቂቃ ነው። ለማደስ ግን የግድ የሥራ ዕቃው ጋ መድረስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ አጥሮ ያስቀምጣቸውና «ለምን አይሸጥልኝም?» ይላል። የኔ አሠራር ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም ጠባብ ክፍል እሠራለሁ፤ ከፊት ለፊቷ የሥራ ዕቃውን ራሱን እንደ ባንኮኒ አስቀምጣለሁ። እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ አትሮንሱ መሐል። ጣሪያ አትርሱ። መብረቅ አጠገቡ ከወደቀ መንደርተኛው ጠንቋይ ሆኖ ነው የሚነሳው። ችቦም አብዙ፤ ጨለማ ካለ ዞምቢ አለ። ከሩቅ ስታመጧቸው ጀልባ ተጠቀሙ፤ አጠገባቸው ስታስቀምጡት ራሳቸው ይገቡበታል። ጀልባ በደረቅ መሬትም ይሄዳል፤ ግን እንደ ኤሊ ነው። ዳገትማ አይሞክርም።

ኤመራልድ ትንሽ ሲጠራቀም ወደ መጽሐፍ ሻጩ ኑ። የኔን «መሪጌታ» ብዬዋለሁ። መጽሐፍ ሻጭ ዓይኑ ላይ መነጽር፣ ራሱ ላይ መጽሐፍ ያደርጋል። ከሚሸጣቸው የአስማት መጻሕፍት ውስጥ ንጉሡ ሜንዲንግ ነው። ዶማችሁ ላይ ካኖራችሁት፣ ልምድ የሚባሉትን አረንጓዴ ኳሶች በለቀማችሁ ቁጥር ዶማው ራሱን ይጠግናል፤ ለአንድ ነጥብ ልምድ ሁለት ነጥብ ጥንካሬ ይመለሳል። ዋጋው ከ10 እስከ 38 ኤመራልድ ነው፤ ተጨማሪ አንድ ባዶ መጽሐፍም ይጠይቃል።

ችግሩ ምን እንደሚሸጥ አስቀድሞ አይታወቅም። አትሮንሱን ታስቀምጣላችሁ፣ ሥራ ይይዛል፣ ታዩታላችሁ። ካልሆነ አትሮንሱን ትሰብራላችሁ፤ የሙያ ልብሱን እስኪያወልቅ ትጠብቃላችሁ፣ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። ይህ የሚሠራው አንድ ጊዜም ካልተገበያያችሁ ብቻ ነው! አንዴ ከተገበያያችሁ የያዘውን ይዞ ይቀራል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሻጭ ያበላሸብኝ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ሻይ ላፈላ ስነሳ፣ «ልርዳህ» ብሎ 24 ወረቀት በ1 ኤመራልድ ሸጠለት። መጽሐፉ ውኃ ውስጥ በፍጥነት መራመጃ ነበር። ያንን ሰውዬ ዛሬም ወረቀት ስሸጥለት «እንዴት ዋልክ ዋናተኛው» እለዋለሁ። በሁለተኛው ላይ አትሮንሱን 71 ጊዜ ሰብሬ መለስኩት። ደብተሬ ላይ በአምስት አምስት እየሰረዝኩ ቆጥሬዋለሁ። በ71ኛው ሜንዲንግ መጣ፣ በ28 ኤመራልድ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ወረቀት ሸጥኩለት፤ ተቆለፈ። መሪጌታ እሱ ነው።

ስለ ስም ላውራ። እነዚህ ሰዎች ያማሉ። የምሬን ነው፤ ሁለት መንደርተኛ ሲገናኝ ስለ ተጫዋቹ ወሬ ይለዋወጣል፣ ወሬው ዋጋ ውስጥ ይገባል። ብዙ ከነገዳችሁ ትንሽ ይቀንሱላችኋል። ከመታችኋቸው ይጨምሩባችኋል። ለመነገድ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ነው፣ ለመምታት በግራው፤ እዚህ ጋ ጣት ትሳሳታለች። አንዴ በስህተት ከሆነ አትደንግጡ፤ ሁለት የጨዋታ ቀን ያህል ሲያልፍ ይረሱታል። መግደል ግን ቶሎ አይረሳም። ካበዛችሁት ደግሞ መንደሩን የሚጠብቀው የብረት ጎለም ራሱ ይመጣባችኋል፤ ከእሱ ጋር ሽምግልና የለም።

ስማችሁን አንዴ የሚያነሳው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየውን ከዞምቢነት ማዳን። መጀመሪያ ግን በዞምቢ መነከስ አለበት። አዎ፣ ጭካኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ገበሬ ሞቶብኛል፤ የኔ ጥፋት ነው። የጨዋታው ክብደት ኖርማል ላይ ከሆነ ዞምቢ የገደለው መንደርተኛ ወደ ዞምቢ የመለወጥ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ኢዚ ላይ ጭራሽ የለም። ሃርድ ላይ 100 በመቶ ነው። እኔ ኖርማል ላይ ሆኜ ዞምቢ አስገባሁበት። ገበሬው አንዴ ጮኸና ጠፋ። ባዶ ክፍል፣ አንድ ኮምፖስተር። የእህቴ ልጅ ከሶፋው ላይ ቀና ሳይል፣ «ሃርድ አድርገው አላልኩህም?» አለኝ። ብሎኝ ነበር።

መሪጌታን ስይዝ ተጠንቅቄ ነው። መጀመሪያ መድኃኒቱን አዘጋጀሁ። አንደኛው ወርቃማ ፖም ነው፤ 8 ቁራጭ ወርቅ ባንድ ፖም ዙሪያ። ሁለተኛው የሚወረወር የድክመት ጠርሙስ። እሱን ለመሥራት የሸረሪት ዓይን ከስኳርና ከቡናማ እንጉዳይ ጋር ትቀላቅላላችሁ፤ ያንን ውኃ ባለበት ጠርሙስ ላይ ታፈላላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ባሩድ ትጨምራላችሁ። ለማፍያው ብሌዝ ከሚባለው የእሳት ጭራቅ የሚገኝ ዱቄት ያስፈልጋል፤ ለሱ ስል ኔዘር የሚባለው የእሳት ዓለም ገብቼ ሁለቴ ተቃጥያለሁ። ከዚያ ክብደቱን ሃርድ አደረግኩ፣ ማታ በጀልባ የያዝኩትን ዞምቢ በሩ ድረስ አስጠጋሁ።

መሪጌታ ፊቱ አረንጓዴ ሆነ። መነጽሩ ግን አለ። ዞምቢውን ገድዬ ከፊቴ አስወገድኩ፤ ጠርሙሱን ወረወርኩበት፣ ፖሙን በቀኝ ቁልፍ አቀበልኩት። የሚጮህ ድምፅ አሰማና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ መሐል ፀሐይ ከነካው ይቃጠላል፤ ጣሪያ አትርሱ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው። እኔም እሱም ተፋጠን ቆየን። ድንገት ቀጥ አለና ያንን የተለመደውን «ህምም» አለ። መስኮቱን ስከፍት 28 ተሰርዞ አጠገቡ 3 ተጽፏል። ሦስት ኤመራልድ! በጭራሮ 12 ግንድ ማለት ነው። ከቀናት በኋላ ትንሽ ወደ ላይ ብሏል፤ ግን ወደ 28 አልተመለሰም። ድሮ ደጋግሞ ዞምቢ አድርጎ እያዳኑ ዋጋውን ደጋግሞ ማውረድ ይቻል ነበር፤ ከጨዋታው 1.20.2 ዝመና ወዲህ ግን ቅናሹ አይደራረብም። አንዴ ይበቃችኋል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ። ክሌሪክ የሚባለው ቄስ መሰል መንደርተኛ 32 የበሰበሰ ሥጋ በ1 ኤመራልድ ይገዛል፤ ዞምቢ የጣለውን ቆሻሻ አትጣሉ። ገበሬው ሥራውን ከለመደ በኋላ 6 ዱባ ወይም 4 ሐብሐብ በ1 ኤመራልድ ይወስዳል። ሁለቱም አንዴ ከተተከሉ ራሳቸው እየደጋገሙ ያፈራሉ። መንደርተኛ እየነገደ ሲሄድ የቀበቶው ጌጥ ከድንጋይ ወደ ብረት፣ ወርቅ፣ ኤመራልድ፣ መጨረሻ አልማዝ ይቀየራል። ጥሩሩን የገዛሁት አልማዝ ከደረሰ ጥሩር ሠሪ ነው። በየቦታው ብቅ የሚለው፣ ሁለት ላማ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ነጋዴ? የችግኝና የአበባ ፍላጎት ከሌላችሁ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

እና አንድ ነገር፤ ጭራሮ ስትሸጡ ሜንዲንግ ያለበትን ዶማ በእጃችሁ ያዙ። እያንዳንዱ ግብይት ልምድ ይጥላል፣ ዶማው እዚያው ይጠገናል።

ትናንት የእህቴ ልጅ ሊያልቅ የተቃረበ ዶማ ይዞ መሪጌታ ጋ ሄደ። እኛ አንድ ዓለም ውስጥ ነው የምንጫወተው፤ ግን ቅናሹ ላዳነው ሰው ብቻ ነው። ለእኔ 5 የሚለው መሪጌታ ለእሱ 28 አለው። ኪሱ ውስጥ ደግሞ 2 ኤመራልድ ብቻ ነው ያለው። መንደሩን ዞሮ ወደኔ መጣ።

«አጎቴ፣ አንተ ግዛልኝ። በዱቤ።»

ደብተሬን አወጣሁ።

«በስንት ላድርግልህ?» አልኩት።