የሕክምና ታሪኩ እናት ጋ አይቅር

ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ልጅ ሲያድግ ክትትሉ ከሕፃናት ወደ አዋቂ ክፍል ይዛወራል። የሕክምና ታሪኩ ግን እናቱ ጋ ይቀራል። ደሴም ሆነ ወልድያ፣ አዲሱ ሐኪም «ምን ነበር የተሠራልህ?» ሲለው «ቀዳዳው ተደፍኗል» ብሎ ዝም።

14 ዓመት አካባቢ ሲሞላው ራሱ በእጁ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ የበሽታው ስም ከካርዱ እንዳለ ተገልብጦ፣ ቀዶ ጥገናው የትና መቼ፣ መድኃኒቱ ከነሚሊግራሙ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልገው እንደሆነ። ይቺን የመጨረሻዋን ሐኪሙን ጠይቆ ይሙላ፤ ለሁሉም አይታዘዝም። በእጁ የጻፈውን በአፉ መናገር አያቅተውም፤ እናት ሐኪሙ ፊት ትንሽ ዝም ትበል (ከባድ ነው፣ አውቃለሁ)።

ገጹንም፣ የኢሲጂውንም (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) የኢኮውንም (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ በእናትም በልጅም ስልክ አስቀምጡ። የኢሲጂ ወረቀት ብዙ ጊዜ በሙቀት የሚታተም ነው፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ፌስታል ውስጥ ከርሞ ይደበዝዛል። ላሚኔት ደግሞ በፍጹም! የማሽኑ ግለት ጥቁር ያደርገዋል። ፎቶኮፒውን ላሚኔት ማድረግ ግን ይቻላል።

ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወረቀት ፍለጋ አትቁሙ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።